የልጄ ሮታ ቫይረስ ከድመታችን የመጣ ይሆን?

ጥያቄ፦ የ9 ወር ሴት ልጅ አለችኝ። ከባለቤቴና ከአማቴ ጋር አዲስ አበባ እንኖራለን። አይጥ ስላስቸገረን በቅርቡ አንዲት የድመት ግልገል አምጥተን ነበር። ግልገሏን ተቅማጥ ያዛት፤ ከአራት ቀን በኋላ ደግሞ ልጄ ማስመለስ ጀመረች፣ ትኩሳትና ውሃ የመሰለ ተቅማጥም ተከተለ። ክሊኒክ ስንወስዳት በሰገራ ምርመራ ሮታ ቫይረስ መሆኑ ተነገረን። አሁን ድናለች። ታናሽ ወንድሜ ግን ይህ ቫይረስ ከድመት ወደ ሰው እንደሚተላለፍ ማንበቡን ከነገረን ወዲህ አማቴ «ድመቷ ዛሬውኑ ትጣል» እያሉ ነው፤ ባለቤቴ ደግሞ አይሆንም ይላል። ልጄ የሮታ ክትባቷን ሁለቱንም ጊዜ ወስዳለች። እውነት ያሳመመቻት ድመቷ ናት? ክትባቱስ ለምን አልጠበቃትም? ድመቷን ማስወገድ አለብን? ካልሆነስ ልጄን መቼ ነው ወደ ድመቷ እንድትጠጋ የምፈቅድላት?
የሕፃን እናት

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ልጅዎን እንኳን ማረልዎ።

ወንድምዎ ያነበበው ትክክል ነው። በድመቶች አንጀት ውስጥ የሚገኙ የሮታ ቫይረስ ዝርያዎች ሰውን ይዘው መገኘታቸው በምርምር ተረጋግጧል። ይሁንና «ሊሆን ይችላል» ከሚለው ተነሥቶ «በእኛም ቤት የሆነው ይኸው ነው» ለማለት ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ያ ማስረጃ ደግሞ በእርስዎም ሆነ በክሊኒኩ እጅ የለም። የጻፉልኝን ሁሉ ሳመዛዝነው ልጅዎ በሽታውን ያገኘችው ከሰው የመሆኑ ዕድል እጅግ የበዛ ነው፤ ስለዚህም ድመቷን መጣል ልጅዎን አይጠብቃትም ብዬ አምናለሁ። እዚህ ላይ ያደረሰኝን ምክንያት ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልዎ፤ አማትዎም መስማት የሚፈልጉት እርሱን ይመስለኛል።

ሮታ ቫይረስ በሰው ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። በአውስትራሊያ ሜልቦርን ከተማ ሩት ቢሾፕና ባልደረቦቻቸው በከባድ ተቅማጥ ከታመሙ ሕፃናት አንጀት የተወሰደ ናሙና በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ አገኙት። በጥጃ፣ በአሳማ፣ በፈረስ፣ በውሻና በድመት ላይ የሚገኙ የቅርብ ዘመዶች አሉት፤ የእያንዳንዱ እንስሳ ቫይረስ ግን በአብዛኛው በዚያው እንስሳ ወገን ውስጥ ይዘዋወራል እንጂ እንደ ልቡ ወደ ሌላው አይሻገርም። ይህ አጥር አልፎ አልፎ እንደሚጣስ ያሳየው አንዱ ምሳሌ ከጃፓን የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በአኪታ አንድ የታመመ ልጅ ላይ ኤ.ዩ.-1 የሚል መለያ የተሰጠው ቫይረስ ተገኘ። ቶዮኮ ናካጎሚና ኦሳሙ ናካጎሚ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ጥናት የዚህን ቫይረስ አር.ኤን.ኤ.፣ ማለትም የዘር መረጃውን፣ ከሌሎች ጋር ሲያነጻጽሩት፣ በሰው ላይ ከተለመዱት ይልቅ ከድመት ለተገኘ ሮታ ቫይረስ የቀረበ ዝምድና እንዳለው አሳዩ።

ዝምድናውን መለየት ግን ቀላል ሥራ አይደለም፤ ምክንያቱም የሮታ ቫይረስ የዘር መረጃ በ11 የተለያዩ ቁራጮች ተከፋፍሎ የተቀመጠ ነው። ሁለት ዓይነት ሮታ ቫይረሶች በአንድ ሕዋስ ውስጥ ከተገናኙ ቁራጮቻቸው ተደባልቀው ከሁለቱም የወረሰ ሦስተኛ ዓይነት ሊፈጠር ይችላል። ሮታቴክ የተባለው ክትባት የተሠራው ይህንኑ ጠባይ በመጠቀም የላም ሮታ ቫይረስን ከሰው ቫይረስ ቁራጮች ጋር በማዳቀል ነው። ስለዚህ በሰው ላይ የተገኘ ቫይረስ አንድ ወይም ሁለት ቁራጩ የድመት ስለመሰለ ብቻ በቀጥታ ከድመት መጣ አይባልም፤ ሁሉም ቁራጮቹ መነበብ አለባቸው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1984፣ በእስራኤል ደግሞ በ1985 ከሕፃናት የተገኙ ሁለት ቫይረሶች እንዲህ ሙሉ በሙሉ ከተነበቡ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ሁለቱም ሳይደባለቁ እንዳሉ ከውሻና ከድመት ወገን ወደ ሰው የተሻገሩ መሆናቸውን ገልጿል። በጣሊያን ፓሌርሞ እ.ኤ.አ. በ1997 ከታመመ ልጅ የተገኘ ሌላ ቫይረስም ምንጩ ውሻ እንደሆነ ተጽፏል።

እነዚህ ቫይረሶች እያንዳንዳቸው በተገኙበት አገርና ዓመት ተለይተው የሚጠቀሱት ብርቅ ስለሆኑ መሆኑን ልብ ይበሉልኝ። እንዲህ ያለው ጥልቅ ምርመራ በብዙ አገሮች ስለማይደረግ ሳይታዩ ያለፉ እንደሚኖሩ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ናሙና በብዛት በሚመረመርባቸው ቦታዎችም ቢሆን ሕፃናትን የሚያሳምሙት በጣም በአብዛኛው ከሰው ወደ ሰው የሚዘዋወሩት የተለመዱ ዓይነቶች ናቸው። ከድመት የተሻገረ ቫይረስ አንድን ልጅ ሊያሳምም ቢችልም ከዚያ ልጅ ወደ ሌላው፣ ከሌላውም ወደ ሦስተኛው እየተላለፈ መቀጠል ይሳነዋል። ተመራማሪዎች የሚከታተሉት አንድ ቀን ከሰው ቫይረስ ጋር ተደባልቆ ይህን ችሎታ እንዳያገኝ ነው። ክትትሉ ተገቢ ነው፤ ለእርስዎ ቤት ግን ድመት የሚያስጥል ምክንያት አይሆንም።

ወደ ክሊኒኩ ምርመራ ልመለስ። በየክሊኒኩ የሚሠራው ፈጣን የሰገራ ምርመራ የሚፈልገው የሰውም የድመትም ሮታ ቫይረሶች የሚጋሩትን አንድ ፕሮቲን ነው። ስለዚህ ውጤቱ ሮታ ቫይረስ መኖሩን ይናገራል እንጂ ከማን እንደመጣ ሊናገር አይችልም። ምንጩን ለማወቅ የልጅዎም የግልገሏም ሰገራ በታመሙበት ሰሞን ተወስዶ የሁለቱም ቫይረሶች የዘር መረጃ በምርምር ቤተ ሙከራ ተነብቦ መነጻጸር ነበረበት። ይህ የሚደረገው ለጥናት ነው እንጂ ለሕክምና አይደለም፤ ሕክምናው በሁለቱም መንገድ አንድ ስለሆነ ባለመደረጉ ልጅዎ የቀረባት ነገር የለም።

የቀኑ መቀራረብ እንዳሳሰበዎ ይገባኛል። ሮታ ቫይረስ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክቱ የሚታየው በአብዛኛው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ልጅዎም ግልገሏ ከታመመች ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ልትያዝ ስለምትችል አራት ቀን የሚለው ልዩነት ከጥርጣሬዎ ጋር የሚጋጭ አይደለም። ነገር ግን አዲስ ቤት የገባች ግልገል ተቅማጥ ሊይዛት የሚችልበት ምክንያት ብዙ ነው። ከእናቷ የወረሰችው የሆድ ትል አንዱ ነው፤ የምግብ መለወጥ ሌላው ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ በየቤቱ የማየው የላም ወተት አለ። ድመት ወተት ትወዳለች ተብሎ ይሰጣታል፣ እርሷም ትጠጣዋለች፤ ሆኖም ጡት ከጣለች በኋላ በወተት ውስጥ ያለውን ስኳር የመፍጨት አቅሟ እየቀነሰ ስለሚሄድ ብዙ ድመቶችን ያስቀምጣቸዋል። በሌላ በኩል ሮታ ቫይረስ የያዛቸው ድመቶች ብዙዎቹ ምንም ሕመም አይታይባቸውም፤ የሚታመሙት በአብዛኛው ግልገሎቹ ሲሆኑ የእነርሱም ሕመም ቀለል ያለ ነው። ስለዚህ የግልገሏ ተቅማጥ ራሱ ሮታ ቫይረስ ስለመሆኑ የሚናገር ምስክር የለም።

በሰው በኩል ያለውን መንገድ ይመልከቱ። የታመመ ሕፃን ሰገራ አንድ ግራሙ ብቻ በቢሊዮኖች የሚቆጠር ቫይረስ ይይዛል፤ ሌላ ሕፃን ለማሳመም ግን ከ10 እስከ 100 የሚሆኑት እንኳ ይበቃሉ ተብሎ ይገመታል። ቫይረሱ በእጅ ላይ ለሰዓታት፣ በመጫወቻ፣ በበር እጀታና በወለል ላይ ደግሞ ለቀናት ሊቆይ ይችላል። አዋቂዎች ምንም ሳይሰማቸው ወይም ትንሽ የሆድ መረበሽ ብቻ ተሰምቷቸው ያስተላልፋሉ። በዓለም ላይ ያሉ ሕፃናት ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ በዚህ ቫይረስ ይያዛሉ፤ ድመት በሌለበት ቤትም፣ በሀብታም አገርም እንዲሁ ነው። ልጅዎ 9 ወሯ ነው፤ ትድሃለች፣ ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ ትከታለች፣ ጎረቤትና ዘመድ እያቀፈ ይስማታል። በዚህ ዕድሜ ሮታ ቫይረስ የያዛት ልጅ እናት ጥፋተኛ ለመፈለግ እንቅልፍ ማጣት የለባትም።

ስለ ክትባቱ የጠየቁትን በጥሞና እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ፤ «ተከተበች፣ ግን ታመመች» የሚለው ወሬ ሌሎች እናቶችን ከክትባት እንዳያርቅ እሰጋለሁና። የሮታ ክትባት በኢትዮጵያ መደበኛ የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ የገባው በ2006 ዓ.ም. ነው፤ በአፍ የሚሰጥ ሲሆን ሕፃኑ 6 እና 10 ሳምንት ሲሞላው ይወስደዋል። ዋና ሥራው ቫይረሱ ጨርሶ እንዳይይዝ ማድረግ አይደለም፤ ሆስፒታል የሚያስገባውንና የሚገድለውን ከባድ ሕመም መከላከል ነው። በማላዊና በደቡብ አፍሪካ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ትልቅ ጥናት ክትባቱ ከከባድ የሮታ ቫይረስ ሕመም የመከላከል አቅሙ በሁለቱ አገሮች በአማካይ 61 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። በሀብታም አገሮች ከሚታየው ያነሰ ነው፤ ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ2016 ብቻ ሮታ ቫይረስ በዓለም ላይ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ 128,500 ያህል ሕፃናትን እንደገደለ፣ ከእነዚህም ከ100 ሺሕ በላይ የሚሆኑት ከሰሐራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች የነበሩ መሆናቸው ሲገመት፣ ይህ 61 በመቶ ስንት ልጅ እንደሚያተርፍ ማሰብ ይቻላል። ልጅዎ ታማ በቤትዎና በክሊኒክ ርዳታ መዳኗ ክትባቱ ሥራውን ሳይሠራ ቀረ የሚያሰኝ አይደለም። ከዚህ በኋላ ደግሞ ሰውነቷ ቫይረሱን ያውቀዋል፤ የመጀመሪያው ሕመም ብዙውን ጊዜ ከሁሉ የከፋው ሲሆን ተከትለው የሚመጡት እየቀለሉ ይሄዳሉ።

አሁን ድመቷን እናንሣ። የአማትዎ ሐሳብ መሠረት አለው፤ የእንስሳ ሰገራና የሕፃን እጅ መገናኘት የለባቸውም፣ በዚህ ከእርሳቸው ጋር ፈጽሞ እስማማለሁ። ነገር ግን ግልገሏ መንገድ ላይ ብትጣል የሚሆነውን ያስቡ። ቫይረሱ ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ መዘዋወሩን አያቆምም። አይጦቹ ይመለሳሉ፤ አይጥ ደግሞ ሽንቱንና ኩሱን በእህልና በዕቃ ላይ እየጣለ ልዩ ልዩ በሽታ የሚያመጣ፣ ሳሎን ውስጥ ከምትተኛ ድመት ይልቅ ለሕፃን የሚያሰጋ እንስሳ ነው። የተጣለችውም ግልገል ባለቤት አልባ ድመት ትሆናለች፤ በረኀብ ትሠቃያለች፣ ለእብድ ውሻ በሽታም ትጋለጣለች፣ ነገ ተመልሳ የሰፈሩን ልጅ ብትነክስ ወይም ብትቧጭር ጉዳቱ ከተቅማጥ እጅግ የከፋ ነው። በእንስሳት ሐኪምነቴ የምመክርዎ ድመቷን ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወስደው የሆድ ትል መድኃኒት እንዲሰጧት፣ ዕድሜዋ ሲደርስም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንዲያስከትቧት ነው። ለድመት ሮታ ቫይረስ የተለየ መድኃኒትም ክትባትም የለም፤ ንጹሕ ውሃና ለሆድ የሚስማማ ምግብ ይበቃታል።

በቤት ውስጥ የምትጸዳዳበት ሣጥን ካለ ልጅዎ እየዳኸች በማትደርስበት ቦታ ያኑሩት፤ አሸዋውን ወይም ሰጋቱራውን በየቀኑ ሌላ ሰው ያውጣው፣ እርስዎ ካወጡት ደግሞ ልጅዎን ከመንካትዎ በፊት እጅዎን በሳሙናና በውሃ በደንብ ይታጠቡ። የሚያጸዳ አልኮል ውሃ በማይገኝበት ጊዜ ይረዳል፤ ቆሻሻው የሚታይ እጅን ግን ከሳሙናና ከውሃ በቀር የሚያነጻው የለም። ሣጥኑንና የተበከለ ወለልን መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ አጥበው አለቅልቀው፣ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠው ለአሥር ደቂቃ ያህል ያቆዩበትና መልሰው በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት። የድመት ሽንት ባልታጠበበት ሣጥን ላይ በረኪና አያፍስሱ፤ ሽንቱ ውስጥ ካለው አሞንያ ጋር ሲገናኝ ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ይወጣዋል። ከሁሉም ይልቅ የማሳስብዎ በብዙ ቤት የማየውን ልማድ ነው፤ ሕፃኗ የተረፋትን ገንፎ ወይም አጥሚት ድመቷ ከዚያው ሳህን ትልሳለች፣ ሳህኑ ለቅለቅ ተደርጎ ደግሞ ለሕፃኗ ይቀርባል። ለድመቷ የራሷ ሳህን ይኑራት፤ የልጅዎ ምግብና ጡጦም ሁልጊዜ ይከደን።

ልጅዎ እንደገና ተቅማጥ ከያዛት ከየትም ይምጣ የሚገድለው የፈሳሽ ማለቅ ነው። ከጤና ጣቢያ ወይም ከመድኃኒት ቤት ለምለም የሚባለውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ይያዙ፤ አንዱን ፓኬት ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ በጥብጠው ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ቀስ እያሉ ያጠጧት። ካስመለሳት አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቀው ዝግ ብለው ይቀጥሉ፤ 24 ሰዓት ያለፈውን ድብልቅ ይድፉት። ጡት ማጥባትዎን አያቋርጡ። ጤና ባለሙያው ዚንክ ካዘዘላት፣ ተቅማጡ ቢቆምም እስከታዘዘላት ቀን ድረስ ይስጧት። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ቫይረስን አይገድልም፤ የአዋቂ ተቅማጥ ማቆሚያም ለሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም። በዚህ አጋጣሚ ከልቤ የምለምንዎ፣ የልጅ ተቅማጥ «ግግ ነው» ተብሎ ድድ እንዲበጣ ወይም እንጥል እንዲቆረጥ የሚመክር ቢገኝ ማንም ይሁን ማን እንዳይሰሙት ነው፤ በዚህ ምክንያት በደም መፍሰስና በቁስል መመረዝ የተጎዱ ሕፃናት ብዙ ናቸው። ዐይኖቿ ከጎደጎዱ፣ እርግብግቢቷ ከሰረጎደ፣ ስታለቅስ እንባ ከሌላት፣ ከፈዘዘች፣ የጠጣችውን ሁሉ ካስመለሰች ወይም ሰገራዋ ላይ ደም ካዩ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ይውሰዷት።

ልጅዎ ወደ ድመቷ መቼ ትጠጋ ላሉኝ፣ የግልገሏ ሰገራ ከተስተካከለ አንድ ሳምንት ያህል ካለፈውና የትል መድኃኒቷን ከወሰደች ሰው አብሮ እያየ መቀራረብ ይችላሉ። ልጅዎም ብትሆን ከዳነች በኋላ ለተወሰኑ ቀናት ቫይረሱን በሰገራዋ ልታወጣ ስለምትችል፣ በእነዚህ ቀናት ዳይፐሯን የሚቀይር ሁሉ ከድመቷ ሣጥን ባልተናነሰ ጥንቃቄ እጁን ይታጠብ። ግልገሏ የልጅዎን ፊትና እጅ እንዳትልስ፣ ሕፃኗ በምትተኛበት አልጋ ላይም እንዳትተኛ ያድርጉ፤ ልጅዎ ድመቷን ነክታ ስትጨርስ እጇ ወደ አፏ ሳይገባ ይታጠብላት።